የአባቴ ድምፅ ስንት ሜጋባይት ነው?

በ1980ዎቹ አባቴ ጅዳ ይሠራ ነበር። ደብዳቤ መጻፍ አይወድም፤ የሆዱን በካሴት ቀድቶ፣ ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው አስይዞ ይልክልናል። ካሴት የደረሰ ቀን ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ ስማችን እስኪነሳ ቴፑን ከበን እንጠብቃለን።

አባቴ ሲያርፍ ሦስት ካሴቶች ተርፈው ነበር። ወደ ኮምፒዩተር ላስገለብጣቸው ስነሳ እናቴ አንዱን ያዘች። «ይሄ ከቤት አይወጣም» አለች። ሁለቱን ይዤ ሄድኩ። የሱቁ ልጅ «ጥራቱን ስንት ላድርገው?» ሲለኝ፣ «ሞባይሌ ላይ ቦታ እንዳይዝ፣ ትንሹን» አልኩት። በኤምፒ3፣ በ64 ኪሎቢት ገለበጠልኝ። የአንድ ሰዓቱ ካሴት 30 ሜጋባይት እንኳ አልሞላም። ደስ ብሎኝ ካሴቶቹን እዚያው ጥዬ ወጣሁ።

እናቴ አዳመጠችና ዝም አለች። ቆይታ «ድምፁስ የእሱ ነው፤ ግን ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል» አለችኝ።

ይህ ንግግሯ ከውስጤ አልወጣም። በቅርቡ ፍላክ የሚባል፣ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት መኖሩን ስሰማ፣ ሁለቱንም ቀየርኳቸው። መጠናቸው ብዙ እጥፍ አደገ። ልቤ እየመታ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ያው ውኃ።

ልጄ አየኝና «አባቢ፣ ይሄ እኮ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒን በውድ ወረቀት እንደገና ማተም ማለት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ኤምፒ3 ፋይሉን የሚያሳንሰው ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን ድምፅ ቆርጦ እየጣለ ነው። መጠኑን በጣም ባሳነስነው ቁጥር የሚጣለው ይበዛል። ፍላክ የተሰጠውን እንዳለ ይጠብቃል እንጂ የተጣለውን አይመልስም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ሦስተኛውን ካሴት እናቴ ከቁም ሣጥኗ አወጣችልኝ። የሚሠራ ቴፕ ተውሼ፣ በሽቦ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቼ፣ በዚህ ጊዜ በዌቭ ቀዳሁት። በሲዲ ጥራት አንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ስለሚወስድ፣ ሰዓቱ 600 ሜጋባይት ገደማ ሆነ። ወደ ፍላክ ስቀይረው መጠኑ በጣም ቀነሰ፤ ከድምፁ ግን ምንም አልጎደለም። በሁለት የተለያዩ ዲስኮች አስቀመጥኩት። ለሞባይሌ የሚሆነውን ኤምፒ3 ያዘጋጀሁት ከዚያ በኋላ ነው። ካሴቱም ወደ ቁም ሣጥኑ ተመለሰ።

እናንተም የሠርግ፣ የልደት ወይም የወላጅ ድምፅ ያለበት ካሴት ካላችሁ፣ መጀመሪያ ሙሉውን አስቀምጡ፤ ትንሹን ከትልቁ መሥራት ሁልጊዜ ይቻላል።

ያን ቀን ማታ እናቴ አዳመጠች። አባቴ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከኋላው የሻይ ብርጭቆ ተንኳኳ። እናቴ ሳቀች። «ስኳር ሲያበዛ ነው» አለች።