ለበግ ብዬ አማርኛን አጠፋሁት!

ሰው ለፍቅር ብሎ አገሩን ይጥላል፣ ለገንዘብ ብሎ ወንድሙን ይክዳል፤ ይሄ የተለመደ ነው። እኔ ግን ለበግ ብዬ አማርኛን ነው ያጠፋሁት። ያውም ለማይበላ፣ ጸጉሩ ለማይሸለት፣ መስታወት ውስጥ ለሚግጥ በግ! ብትስቁ አልቀየምም፤ እኔም ዛሬ ዛሬ እስቃለሁ። ያን ዕለት ግን የሚያስቅ አልነበረም።

የመንዝ ልጅ ነኝ። አገሬን ለማታውቁ የከተማ ልጆች ልንገራችሁ፤ መንዝ ማለት ብርድና ገብስ፣ ባናና በግ ነው። በተለይ በጉ! ለእኛ በግ ባንክ ማለት ነው። ሲቸግር አንዷን አውጥቶ መሸጥ፣ ሲደላ ማርባት። ጸጉሩም ተፈትሎ ተሸምኖ ባና ይሆንና ብርዱን ይመክታል።

አባቴ በ1993 ዓ.ም. ከዚህ ባንካቸው አሥራ ሁለት በግ አውጥተው ሸጡ። አልበቃ ሲል አንድ ወይፈን ጨመሩበት። ምክንያቱ እኔ ነኝ። ደብረ ብርሃን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት እንቢ ሲለኝ ኮምፒውተር ማሰልጠኛ ገብቼ ሰርተፍኬት ይዤ ነበር። «ኮምፒውተር ቢገዙልኝ ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የእድር ደንብ እየጻፍኩ ራሴን እችላለሁ» አልኳቸው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አይተው አያውቁም።

«ይጽፋል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ይጽፋል።»

«አማርኛ?»

«አማርኛ።»

ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም። ገንዘቡን ከመቀነታቸው ፈትተው ቆጥረው ሰጡኝ።

አዲስ አበባ ሄጄ ያገለገለ ፔንቲየም 166 ገዛሁ። ራሙ 32 ሜጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 1.2 ጊጋባይት። የዛሬ ልጅ በኪሱ የያዘው ስልክ ይሄን ሲሰማ ያፍርልኛል። ስክሪኑን በባና ጠቅልዬ እንደ ሙሽራ ጭኔ ላይ አስቀምጬ እስከ ደብረ ብርሃን በአውቶቡስ አመጣሁት። የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ፣ ጥልፍ ዳንቴል ለብሶ፣ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየልኝ።

አማርኛው በሁለት ዲስኬት ነበር የመጣው፤ አንድ የማሰልጠኛ ጓደኛዬ ገልብጦልኝ። ያን ጊዜ እንዲህ እንደ ዛሬው አልነበረም። ኮምፒውተሩ የኛን ፊደል በተፈጥሮው አያውቅም፤ የምንጽፈው በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ፎንት አልብሰነው ነው። ችግሩ አንድ ፎንት ያለው ቦታ 256 ብቻ ነው። የኛ 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ እነ ቋ እና ጓ፣ ቁጥሩ፣ አራት ነጥቡ ሲጨመርበት የት ይግባ? ስለዚህ አንዳንዱ ፕሮግራም ፊደላችንን ለሁለት ፎንት ከፍሎ ያስቀምጠው ነበር። ደግሞ ሁሉም ሠሪ አቀማመጡን በየራሱ ስላወጣ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የጠንቋይ ክታብ ይመስላል። ያም ሆኖ ሠራሁበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የቤት ኪራዬን የከፈልኩት በሠርግ ጥሪ ወረቀት ነው።

ከዚያ ያ ሲዲ መጣ።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ይባላል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ጌም ነው። ሲከፈት ሦስት ሠራተኞች፣ አንድ ፈረሰኛ ቃኚና አንድ ዋና ቤት ይሰጧችኋል። በቃ፣ ከዚህ ተነስታችሁ መንግሥት አቁሙ ነው። የመጀመሪያው ምግብ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በግ! አራቱን እዚያው ቤቱ አጠገብ ታገኟቸዋላችሁ፤ አንዱ ሲታረድ 100 ምግብ ይሆናል፣ አንድ አዲስ ሠራተኛ 50 ምግብ ይፈጃል። የቀሩትን በጎች ዱር ለዱር ፈልጎ ነድቶ ማምጣት ነው፤ ባላጋራ ቀድሞ ከደረሰባቸው ይወስዳቸዋል። ተኩላም አለ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ በእረኝነት ያደገ የመንዝ ልጅ፣ ከእረኝነት እንዲወጣ ኮምፒውተር ተገዝቶለት፣ ዞሮ እረኛ ሆነ!

ጌሙ 200 ሜጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የሚጠፋውን ሁሉ አጠፋሁ፤ ዘፈን አጠፋሁ፣ ሌሎች ጌሞችን አጠፋሁ። አምስት ሜጋባይት ጎደለኝ። አምስት! ዓይኔ አማርኛው ላይ አረፈ። «ዲስኬቱ እጄ ላይ ነው፣ ነገ እመልሰዋለሁ» ብዬ አጠፋሁት። ነገ አልመለስኩትም። በሳምንቱ ደግሞ ከጓደኛዬ ሌላ ትንሽ ጌም መገልበጫ ባዶ ዲስኬት ሳጣ፣ ከሁለቱ ባንዱ ላይ ጻፍኩበት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ወር ምን ብዬ ልንገራችሁ? ባናዬን ተከናንቤ፣ ማውስ የያዘ እጄን ብቻ ብርዱ ላይ አውጥቼ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ግንብ ስገነባ አድራለሁ። የማውሱ ኳስ እድፍ ሲይዝ ፈትቼ በጥፍሬ እፍቃለሁ። መብራት ድርግም ሲል ሴቭ ያላደረግሁት መንግሥት አብሮኝ ይጠፋል፤ አንድ ጊዜ እንደውም አልቅሻለሁ። አከራዬ «ልጄ፣ ቆጣሪው ሌሊት ሌሊት ይሮጣል፤ ምን እየሠራህ ነው?» ሲሉኝ «እየጻፍኩ ነው እማማ» እላለሁ። ሥራ ይዘው የመጡትን «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብዬ እመልሳለሁ። ቀስ በቀስ መምጣቱንም ተዉት። ጌም የሚወድ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ ጨዋታውን የምትጫወተው ስለሚያስደስትህ ብቻ አይደለም፣ ማታ ያቆምክበትን ነገር ሳትጨርስ ቀኑ ቀን ስለማይሆንልህ ነው።

ጥር 1994 ላይ አንድ ማታ በሩ ተንኳኳ። አባቴ! ከመንዝ ቀኑን ሙሉ ተጉዘው፣ ትከሻቸው ላይ አቧራ ለብሶ፣ የቆሎ ስልቻ አንጠልጥለው። ጎረቤታቸው ድንበር ገፍቶባቸው ተካሰው ተፈርዶባቸዋል። የይግባኙ ጊዜ በነገው ዕለት ያልቃል። በሰው ገንዘብ ማጻፍ ምን በወጣኝ ብለው፣ በበጎቻቸው የተገዛውን ማሽን ተማምነው ነው የመጡት።

ስክሪኑ አልጠፋም ነበር። ጠጋ ብለው አዩት።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«በጎች ናቸው፣ አባባ።»

«የማን?»

«የኔ።»

«ምን ታረጋቸዋለህ?»

«ይታረዳሉ… ምግብ ይሆናሉ…»

ትንሽ ዝም አሉና «የኔዎቹስ ይሄን ሆኑ?» አሉ። ድምፃቸውን አላነሱም። የመንዝ ሰው ሲቆጣ አይጮህም፤ ይሄን አለማወቅ ነው የሚያስፈራው።

ጌሙን ዘግቼ ለመጻፍ ሞከርኩ። ዲስኬቱን አስገባሁ፤ አንዱ ብቻውን እንቢ አለ። በቀደመው ጊዜ የጻፍኳቸውን ደብዳቤዎች ከፈትኩ፤ የፈረንጅ ፊደልና ጥያቄ ምልክት ተተረማምሶ ወጣ። አባቴ ማንበብ ያውቃሉ፤ የቄስ ትምህርት ቤት ቀለም አላቸው። ስክሪኑን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ይሄ አማርኛ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ሌሊት አልጋዬን ለቅቄላቸው መሬት ተኛሁ፤ ሁለታችንም እንዳልተኛን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ጠዋት ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ ጋ ሄድን። ሰውየው በዚያ ባረጀ ታይፕራይተሩ መጀመሪያ ፊደሉን፣ ቀጥሎ ቅጥያውን እየመታ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይግባኙን ጨረሰው። የከፈሉት አባቴ ናቸው፤ እኔ ኪሴ ባዶ ነበር። ይግባኙ ደረሰ፤ ክርክሩ ሁለት ዓመት ፈጅቶ ከመሬቱ እኩሌታው ተመለሰላቸው። ለእኔ ግን አንድም ወረቀት አላስጻፉኝም። አማርኛውን በማግስቱ አስጭኜ፣ ሥራዬን ቀጥዬ፣ ኋላም ተምሬ በዚሁ ሙያ እንጀራ በልቼ፣ አባቴ ደብዳቤ ሲኖራቸው ያ ታይፕራይተር ያለው ሰውዬ ጋ ነበር የሚሄዱት።

ኋላ አንብቤ የገረመኝ ነገር አለ። ያ ጌም ገበያ ላይ የወጣበት ወር፣ መስከረም 1992 አካባቢ፣ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ኮምፒውተሮች የጋራ መዝገብ ውስጥ ቦታ ያገኘበት ወር ነው። ወደኛ ጠረጴዛ እስኪደርስ ግን ዓመታት ፈጀ፤ ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 እ.ኤ.አ. «ኒያላ» የሚል የግዕዝ ፎንት ይዞ ሲመጣ ነው ዲስኬት ፍለጋው የቀረልን።

ጌሙንስ? አልተውኩትም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ የአፍሪካ መንግሥታት የሚጫወቱበት ተጨማሪ ወጣለት፤ ኢትዮጵያም ገባችበት። ሾተል የያዙ ተዋጊዎች አሉን፣ የዮዲት ታሪክ ተሠርቶበታል። ሠራተኞቹን ስታዟቸው ደግሞ የሚመልሱት… በአማርኛ ነው! የመጀመሪያ ቀን ስሰማው ከወንበሬ ተነሳሁ።

በ2009 ለጥምቀት መንዝ ስሄድ ላፕቶፑን ይዤ ወጣሁ። አባቴ ሸምግለዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው። እሳቱ ዳር ቁጭ እንዳሉ ከፈትኩት፤ አንዱን እረኛ ነካሁት፤ መለሰልኝ።

«ምን አለ?» አሉ ቀና ብለው።

ደገምኩት።

«አማርኛ ነው እንዴ?»

«አማርኛ ነው፣ አባባ።»

«በጎቹ አሁንም አሉ?»

«አሉ።»

ሳቁ። ብዙ ሳቁ። ከዚያ ጋቢያቸው ውስጥ እጃቸውን ከትተው የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ በእጃቸው የጫሩት የኑዛዜ ረቂቅ ነው፤ ለሽማግሌዎች የሚነበብ። «በል እስቲ፣ ይቺን ጻፍልኝ» አሉኝ። ጌሙን ዘግቼ መጻፍ ጀመርኩ። መሬቱን ጻፍን፣ ቤቱን ጻፍን። በጎቹ ላይ ስንደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ከበጎቹ ላንተ አይደርስህም» አሉ። «ድርሻህን በልተሃል።»