ያረጀው ያማሃና የበርኑሊ ሕግ

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ናፍቆትና ስለ ምግብ ቤታችን ወጥ ብዙ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ዛሬ ስለ ካርቡራተር ልጻፍ። አትሳቁ፤ ነገሩ የአንዲት ጊደር ሕይወት ያለበት ነው።

አገሬ ቁሐር ሚካኤል ነው፤ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ወረታ አጠገብ። የፎገራን ሜዳ የማያውቅ ቢኖር፣ በበጋ ሽንኩርት፣ በክረምት ሩዝ የሚታይበት፣ ርብና ጉማራ ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ ግማሹ ባሕር የሚሆን ጥቁር ዋልካ ነው። አጎቴ በዚህ አገር የሚነዷት አንዲት ያማሃ ኤጂ 100 አለቻቸው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ሐራጅ ላይ የገዟት ናት። በዕድሜ እኔን ሳትበልጠኝ አትቀርም። በበጋ ሩዝና ሽንኩርት ለመነገድ ወረታ፣ ዓለም በር፣ አንዳንዴም ደብረ ታቦር ድረስ ይወጡባታል። ክረምት ሲገባ ግን ዋልካው ስለማያስኬድ ከሐምሌ እስከ መስከረም ጎተራ ሥር ትቆማለች።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ሊያስነሷት ቢሉ እንቢ አለች። ስትነሣም ታጨሳለች፣ ቤንዚን እንደ ውኃ ትጠጣለች፣ ዳገት ላይ ታንቃ ትቆማለች። አንድ መካኒክ ዘንድ ሁለት ጊዜ ወሰዷት፤ ሁለት ጊዜም ብሳ መጣች። በሦስተኛው “ካርቡራተሩ ሞቷል፤ አዲስ ይግዙ” ተባሉ። የተጠራው ዋጋ ከየትም የሚመጣ አልነበረም፤ ከጊደሯ በቀር። ጊደሯ የፎገራ ዘር ናት፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ ለመውለድ ሁለት ወር ቀርቷታል። አክስቴ “ላም ሸጦ ጭስ መግዛት ምን የሚሉት ነው?” ብለው ሦስት ቀን ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊታቸውን አጠቆሩ።

እኔ ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ስሄድ የቤቱ ነገር እዚህ ላይ ደርሶ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ቅዳሜና እሑድ ወረታ ውስጥ ሞተርና ብስክሌት ጥገና ቤት እየሠራሁ ደብተሬን እገዛ ስለነበር፣ “አጎቴ፣ እስከ ቅዳሜ ገበያ ይታገሡኝ” አልኋቸው። “እሺ ልጄ፣ ቅዳሜ ካለፈ ግን ትሸጣለች” አሉኝ።

አሁን ካርቡራተር ምንድን ነው? ፍሊት የምንለውን የትንኝ መርጫ አስቡት። ስንገፋው ነፋስ በቱቦው አፍ ላይ በፍጥነት ያልፋል፤ በፍጥነት የሚያልፍ አየር ግፊቱ ስለሚቀንስ መድኃኒቱ ከታች ተስቦ ይወጣና ይበተናል። ካርቡራተርም ያው ነው፤ ልዩነቱ እጃችን በሚገፋው ፈንታ ሞተሩ ራሱ አየሩን መሳቡ ነው። ዳንኤል በርኑሊ ይህን የፈሳሾች ጠባይ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1738 ነው። ጀርመናዊው ማይባኽና ሁለቱ ሀንጋሪያውያን ባንኪና ቾንካ ቤንዚን የሚረጭ ካርቡራተር የሠሩት ግን በ1890ዎቹ መጀመሪያ ነው። እኛም 11ኛ ክፍል በርኑሊን ለፈተና ሸምድደን፣ ከፈተናው ማግስት ጥለነዋል። ፍሊቱ ግን ያን ጊዜም እቤታችን ተሰቅሎ ነበር።

ሐሙስ ጧት ቤንዚኑን ዘግቼ ካርቡራተሩን ፈታሁ። የታችኛውን ሳህን ሳወርድ እንደ ማር የወፈረ ቢጫ ሙጫ አገኘሁ። ቤንዚን ሦስት ወር ሲቆም ቀላሉ ይተንና ይኸ ይቀራል። ይህስ የክረምቱ ሥራ ነው፤ ማንንም አይወቀስበትም። የገረመኝ ጓርኒሶኑ ነው። መካኒኩ የቆረጠው ከጎማ የውስጥ ላስቲክ ነበር! ላስቲክ ደግሞ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይፈረፈራል። ፍርፋሪው ገብቶ የሚኒሞዋን ጂግለር ድፍን አድርጓታል። ዋናዋን ጂግለር ደግሞ በሽቦ ጎርጉሯት ቀዳዳዋ ሰፍቷል። ጂግለር ማለት ልክ ተለክቶ የተበሳች የነሐስ ቡሎን ናት፤ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ሽቦ ይበላዋል። ቀዳዳዋ በፀጉር ያህል ከሰፋ ቤንዚኑ ይበዛል፤ የጭሱና የጥማቷ ምክንያት ይኸው ነበር። ልብ በሉ፣ ካርቡራተሩ አልሞተም፤ በሕክምና ብዛት ታሞ ነው።

የተደፈነችውን የከፈትሁት በአክስቴ ጭራ ነው። አዎን፣ ዝንብ በሚከላከሉበት። አንዲት የፈረስ ፀጉር ነጠል አድርጌ፣ ጂግለሯን ሌሊቱን ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በፀጉሯ አሳለፍሁና በብስክሌት መንፊያ ነፋሁባት። ፀጉር ነሐስ አይቧጭርም። የሰፋችውን ግን ማጥበብ ስለማይቻል፣ ቁጥሯ ያው የሆነች ሌላ ከወረታ ከአሮጌ ዕቃ ክምር ፈልጌ በሦስት ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ገዛኋት። ጓርኒሶኑን ከወረቀቱ በምላጭ ቆረጥሁ።

ዓርብ ከሰዓት ተነሣች። አጎቴ “በሽር! በሽር!” እያሉ ታንኳዋን ሊሳሙ ደረሱ። ሥራው ግን ገና ነበር፤ ልክ ማስያዝ ይቀራል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የአየር ቡሎኗን ትንሽ ትንሽ እያዞሩ ድምፁ ከፍና ለስለስ የሚልበትን ቦታ መያዝ፣ ከዚያ ሚኒሞውን ማውረድ ነው። ይህን ጆሮ ይሠራዋል። ቀጥሎ ካንዴላ ፈትቶ ማየት ነው፤ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል፣ የተቆላ ገብስ ከመሰለ ደህና ነው።

እዚህ ላይ ከአጎቴ ጋር ተከራከርን። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ያህል፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2700 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። የባሕር ዳርቻውን የአየር ግፊት 100 ብንለው፣ የእኛ 80 ገደማ፣ የደብረ ታቦር 72 ገደማ ይሆናል። ዳገቱን በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ይወፍራል። አጎቴ “ዳገቱ ነው የሚያስቸግረኝ፣ ለደብረ ታቦር አስተካክልልኝ” አሉ። እኔ እንቢ አልሁ። ለተራራው የሳሳ ድብልቅ ሜዳ ላይ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ቤንዚን ሲያንሰው ይግልና ፒስተኑ ይነክሳል። ዳገት ላይ ትንሽ ማጨስ ነውር እንጂ ሞት አይደለም። “አንተ ልጅ፣ ሞተሩ የማን ነው?” አሉኝ። “የእርስዎ ነው፤ ጊደሯም የእርስዎ ናት” አልኋቸው። ዝም አሉ። በመርፌው ላይ ያለችውን ቀለበት አንድ እርከን ብቻ ወደ ላይ አንሥቼ መርፌውን ዝቅ አደረግሁት፤ ከዚያ በላይ አልነካሁም። ቅዳሜ ዓለም በር ደርሰን ካንዴላውን ፈታነው፤ ገብሱ ትንሽ አሮ ነበር፣ ግን ገብስ ነው።

ወደ ተቋማችን ስመለስ የማስተማር ልምምድ ነበረብኝ። 8ኛ ክፍል ስለ አየር ግፊት ሳስተምር አንድ ብርጭቆ ውኃና ሁለት ቀሰም ይዤ ገባሁ። አንዱን ውኃው ውስጥ አቁሜ በሌላው አፉ ላይ ስነፋ ውኃው ተረጨና የፊተኛውን ተማሪ ደብተር አረጠበው። ክፍሉ ሲስቅ ከኋላ የተቀመጠ ዝምተኛ ልጅ እጁን አነሣ። “ቲቸር፣ የኛ የውኃ ፓምፕ ላይም ይኼ አለ። ክረምት ቆሞ አሁን እንቢ ብሏል።” ከደወል በኋላ ስለ ቤንዚን ማንጠፍና ስለ ፈረስ ፀጉር ነገርሁት፤ ሽቦ እንዳይነካም አስጠነቀቅሁት።

ጊደሯ ወልዳለች፤ ወይፈን ነው። ሞተሯም ትሠራለች። የተንሳፋፊው መርፌ ጫፍ አርጅቶ ማታ ማታ ስለሚያንጠባጥብ ግን፣ ለእሱ የሚሆን እስክናገኝ ድረስ አጎቴ ከመተኛታቸው በፊት ወጥተው ቤንዚኑን ይዘጋሉ።