ቁልፏ ማን እጅ ናት?

ቪፒኤን የሚለው ቃል አማርኛ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ነው ብል ብዙ ሰው የሚከራከረኝ አይመስለኝም። የካቲት ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌም እንደተዘጉ ቆዩ። በእነዚያ አምስት ወራት ሰርቨር ምን እንደሆነ የማያውቁ የሰፈራችን ሰዎች ሳይቀሩ «ሆላንዱ ዛሬ አልሠራም፣ ወደ ካናዳ ቀይሪልኝ» ማለት ለመዱ። የቤታችን ስልክ አስተካካይ እኔ ነኝ። እማዬ እስከ ዛሬ «ቪፒኗን አብሪልኝ» ነው የምትለኝ፣ ልክ እንደ አምፖል።

ትምህርታችን ግን ግማሽ ነበር። አፑን ያወቅነው እንደ መክፈቻ ነው፦ የተዘጋ ነገር አለ፣ ይነካል፣ ይከፈታል። ሥራው ግን መዝጋትም ነው። ከስልካችን የሚወጣውን ሁሉ መንገድ ላይ ያለ ሰው እንዳያነበው ያመሰጥረዋል። በርቶ ሲሠራ ብዙ ስልኮች ላይ ከላይ በኩል ትንሽ የቁልፍ ምልክት የምትታየውም ለዚህ ነው። ቁልፏን ሁላችንም እናውቃታለን፤ ማን እጅ እንዳለች የሚጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

ነገሩ የገባኝ እማዬ ዱባይ ሰው ቤት ለምትሠራው ታላቅ እህቴ በርበሬና ሽሮ ስትልክ እያየሁ ነው። በፌስታል ትጠቀልላለች፣ ማዳበሪያ ውስጥ ከትታ ትሰፋዋለች፣ ላዩ ላይ የእህቴን ስም በማርከር ታስጽፈኛለች። ኢንተርኔትም እንደዚያው ነው። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ ኤችቲቲፒኤስ ስለሚጠቀም ዕቃው ድሮውንም የተሰፋ ነው፤ ካፌ ውስጥ በካፌው ዋይፋይ የባንክ አፕ ብንከፍት ጎናችን የተቀመጠው ሰው የይለፍ ቃላችንን እንዲሁ አያነበውም። የሚታየው ላዩ ላይ የተጻፈው ነው፦ የትኛው ድረ ገጽ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ዳታ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን አንድ ሰው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ስለ ኤችአይቪ ምክር የሚሰጥ ገጽ ቢከፍት፣ ምን እንዳነበበ ማወቅ አያስፈልግም፤ የገጹ ስም ብቻውን ይናገራል።

ቪፒኤን ያንን ስም ይሸፍነዋል። ዕቃችንን ሁሉ ሌላ ማዳበሪያ ውስጥ ይከትና አንድ አድራሻ ብቻ ይጽፍበታል፣ የራሱን። የካፌው ባለቤትም ሆነ መስመሩን የሸጠልን ድርጅት የሚያዩት ወደዚያ አድራሻ የሚሄድ የታሸገ ነገር ነው። እዚያ ሲደርስ የላይኛው ማዳበሪያ ተፈቶ የውስጡ ወደየባለቤቱ ይላካል። ስለዚህ መስመር ሻጩ ያጣቸውን ስሞች አሁን የሚያያቸው የቪፒኤኑ ባለቤት ነው። ምስጢሩ መንገደኛ ቀየረ እንጂ ከሰው ዓይን አልወጣም።

እማዬ ደግሞ መንገደኛ ስታገኝ መጀመሪያ የምትጠይቀው «የማን ልጅ ነው?» ብላ ነው። ለማያውቃት ሴትዮ የሻንጣውን ኪሎ በነፃ ልስጥ የሚል ሰው ቢመጣባት ደስ ከማለት ይልቅ ትጠረጥራለች። እኛ ግን «ነፃ ቪፒኤን» ብለን ፈልገን፣ ከላይ የመጣውን አውርደን፣ ሙሉ ሕይወታችንን እናሸክመዋለን።

ሰርቨር ኪራይ አለው፤ የሆነ ሰው ይከፍለዋል። ኦናቮ ፕሮቴክት የሚባል ነፃ ቪፒኤን ነበር፣ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 የገዛው። ዳታችሁን እጠብቃለሁ እያለ፣ ሰዎች የትኛውን አፕ ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ለባለቤቱ ያቀብል ነበር። በ2019 ተዘጋ፤ በ2023 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት በጉዳዩ ሁለት የሜታ ድርጅቶችን በድምሩ 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣቸው። ሆላ የሚባለው ደግሞ የነፃ ተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች ይሸጥ እንደነበር በ2015 ታወቀ፤ እኛ ተኝተን ሌላ ሰው በእኛ አድራሻ ይወጣል ማለት ነው።

ሁሉም ነፃ ነገር ግን ወጥመድ አይደለም። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሳይፎን ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ በ2006 የወጣ ነው፤ ወጪው ከማስታወቂያና ከድጋፍ ገንዘብ ይሸፈናል፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። የስዊዘርላንዱ ፕሮቶን ደግሞ ነፃ ተጠቃሚዎቹን የሚሸከምለት የከፋይ ደንበኞቹ ገንዘብ ነው። ወደድነውም ጠላነውም፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ይታወቃል። እንደዚያም ሆኖ መንገዱ ራሱ ሲዘጋ መንገደኛ አይጠቅምም፤ በሰኔ 2012 ኢንተርኔት እንዳለ ሲቋረጥ ለሦስት ሳምንት ያህል የትኛውም ቪፒኤን ምንም አልፈየደም።

ባለፈው ዓመት እህቴ «አንድ ነፃ ቪፒኤን ምረጪልኝ» ብላ ጻፈችልኝ። ዱባይ በዋትሳፕ መጻጻፍ ይቻላል፤ መደወል ግን ታግዷል። እማዬ ደግሞ ፊቷን ካላየች፣ ደህና ነኝ ብትላትም አታምናትም። እሺ ከማለቴ በፊት የአገሩን ሕግ ፈለግኩ። ቪፒኤን በራሱ ክልክል አይደለም፣ ድርጅቶች ይሠሩበታል። ወንጀል ለመሥራት ወይም ለመደበቅ የተጠቀመበት ግን እስራት ወይም ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ቅጣት ይጠብቀዋል። የታገደ ጥሪ ማድረግ እዚህ ውስጥ ይግባ አይግባ የሚወስነው ዳኛ ነው፤ እኔ ደግሞ እህቴ ዳኛ ፊት እንድትቆም አልፈልግም። ደሞዟ በወር 1,500 ድርሃም ነው። ዝቅተኛውን ቅጣት ለመክፈል ሳትበላና ወደ ቤት ሳትልክ ወደ 28 ዓመት መሥራት አለባት።

ለጥሪው እዚያ አገር ፈቃድ ያለውን ቦቲምን አስጫንኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እሱስ ይሁን፣ ግን ሌላም ነገር አለ» አለች። የሦስት ወር ደሞዝ አልተከፈላትም። ልትነግረን ትፈልጋለች፤ ማዳሟ ግን ማታ ማታ ስልኳን ተቀብላ ትከፍተዋለች።

«ከማን ነው እንግዲህ የምትደበቂው?» አልኳት።

«ከእሷ ነዋ!»

ቪፒኤን መንገዱን ይቆልፋል። ስልኩን ከፍቶ የያዘ ሰው ላይ አቅም የለውም። እንዲያውም ያቺ ቁልፍ ከላይ ከታየች፣ ምንም ያልጻፈች ሴት ራሷ የምትደብቀው ያላት ትመስላለች። የዋትሳፕ መልእክት እንደሆነ ከ2016 ጀምሮ ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ ስለሆነ መንገድ ላይ የሚያነበው አልነበረም። የሚያነበው ክፍሉ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ዘዴያችን አፕ አልነበረም፦ እሷ ትጽፋለች፣ እንደደረሰኝ ምልክት እሰጣታለሁ፣ ከራሷ ስልክ ላይ ብቻ ታጠፋዋለች። እኔ ጋ ያለው ይቀራል። በሉክ ደብተር ላይም ቀኑንና የቀረውን ገንዘብ እየጻፍኩ አስቀመጥኩ፤ ክርክር ቢመጣ እጇ ላይ ማስረጃ እንዲኖር። ከሁለት ወር በኋላ የሁለት ወሩ ተከፈላት። አንዱ አሁንም አልተከፈለም፤ ደብተሩ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ ስልክ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ይህችኑ ጥያቄ አስቀድማለሁ። የጎረቤታችን ልጅ የግቢውን ዋይፋይ ስለማያምን ነው የሚፈልገው፤ ለእሱ ባለቤቱ የታወቀውን ጫንኩለት። አንዱ ደግሞ በፌስቡክ ሰው ሊሳደብ ኖሮ «ማን እንደሆንኩ እንዳይታወቅ» አለኝ። በገዛ ስምህና በገዛ ፎቶህ ገብተህ ቪፒኤን ምን ያደርግልሃል ብዬ ስልኩን መለስኩለት። እኔ ራሴ ካፌ ስገባ አበራለሁ፣ ቤት ስደርስ አጠፋለሁ፤ ጥቅልም ባትሪም ይበላል፣ ደግሞም ሁልጊዜ የምደበቅበት ሰው የለኝም።

«ከማን?» ስላቸው «ከሁሉም ሰው» የሚሉኝ አሉ። ለእነሱ የሚሆን አፕ እስካሁን አላገኘሁም።