ጢስ እሳትን ያየንበት ቀን

በሥዕል ብቻ የሚያውቁትን ነገር በዐይን ለማየት የሚጓዝ ሰው አንዳንድ ጊዜ ይደሰታል፤ አንዳንድ ጊዜም ያዝናል። እኛ በወርኀ የካቲት 2001 ዓ.ም. ጢስ ዓባይን ለመጐብኘት በሄድን ጊዜ ሁለቱም በአንድ ቀን ደረሱብን።

የመንግሥት ሥራ በያዝን በመጀመሪያው ዓመት፥ ከደመወዛችን ጥቂት ቈጥበን፥ ወላጅ እናታችንን ከዓዲግራት አጠገብ ካለው ቀያችን ወደ ባሕር ዳር ይዘናቸው ሄድን። እናታችን ፏፏቴውን የሚያውቁት ከአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ነበር። እኛ ደግሞ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን፥ ጀምስ ብሩስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1770 እንደ ጐበኘው፥ ከፍታው ከ40 ሜትር እንደሚበልጥ፥ በክረምትም ስፋቱ 400 ሜትር ያህል እንደሚደርስ ተምረን ነበር።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል በአቧራማው መንገድ ተጕዘን፥ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ወጣን። ዕድሜው ዐሥር ዓመት የሚሆን አንድ የአገሩ ልጅ እናታችንን እጃቸውን ይዞ ይመራቸው ነበር። እርሳቸው አማርኛ እምብዛም ስለማያውቁ የቦታውን ስም ትርጕም ጠየቁን፤ በትግርኛ ነገርናቸው። ከፏፏቴው ፊት ለፊት እንደ ደረስን ግን፥ ጥቍሩ ገደል ራቍቱን ቆሞ፥ በአንድ ጐኑ ብቻ ቀጭን ውኃ ሲወርድ አየን። እናታችን ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «ታዲያ ጢሱ የት አለ?» አሉ።

ጥያቄአቸውን ለልጁ ብንነግረው፥ «እማማ፥ ውኃውማ በቦዩ አድርጎ ወደ መብራቱ ሄዷል» ሲል መለሰ።

ነገሩም እውነት ነበር። በ1950ዎቹ የተሠራው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ 11 ሜጋ ዋት ያህል ብቻ የሚሰጥ ስለ ነበረ ፏፏቴውን ብዙም አልጐዳውም። በ1990ዎቹ የተጨመረው ሁለተኛው ግን 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ስለ ሆነ፥ በበጋ አብዛኛውን ውኃ ይወስድ ነበር።

እኛም ይህን ያህል አገር አቋርጠን የመጣነው ባዶ ገደል ለማየት ነውን? ስንል አጕረመረምን። እናታችን ግን፥ «አንተ በኩራዝ ስታነብ ዐይንህ በጢስ ሲያለቅስ ያየሁ እኔ ነኝ። ይህ ውኃ ለሰው ልጅ መብራት ከሆነ ምን ያስቈጣሃል?» ብለው ገሠጹን። ወዲያውም ወደ ልጁ ዘወር ብለው፥ በቤታቸው መብራት እንዳለ እንድንጠይቀው አዘዙን።

ልጁ ፈገግ አለና፥ «የእኛ ቤት ኩራዝ ነው» አለ።

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የተባለው ትዝ አለን። እናታችን ምንም ሳይናገሩ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ፤ ፏፏቴው የታተመባቸውን አራት የአንድ ብር ኖቶች አውጥተው፥ «ለላምባ መግዣ ይሁንህ» ብለው ሰጡት።

በ2002 ዓ.ም. ከጣና ሐይቅ በቀጥታ ውኃ የሚቀዳው፥ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ፏፏቴውን በግርማው ለማየት የሚሻ አንባቢ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይሂድ፤ ያን ጊዜ ጢሱን ያገኘዋል። ያ ልጅም ዛሬ ጐልማሳ ሆኗል። እኛ ስለ ጢስ ዓባይ በተነሣ ቍጥር የምናስበው ግን ስለ ውኃው ማነስና መብዛት አይደለም፤ በዚያ ቤት ኩራዙ ጠፍቶ አምፑሉ በርቶ ይሆን? እያልን ነው።