የአክስቶቻችንንም ሕመም እንቁጠር



በደሴና በኮምቦልቻ ግቢ ካለን ተማሪዎች ብዙዎቻችን ዘራችንን እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። የምንቆጥረው ግን የወንዶቹን ስም ነው። አክስታችን በምን ሞተች ስንባል መልሳችን «ሆዷን አሟት» ብቻ ነው።

በዶርም ስንጨዋወት የአንዷ እህታችን አክስት ነገር ተነሳ። የአባቷ እህት ነበረች። ሆዷ ይነፋል፣ ጥቂት ቀምሳ ትጠግባለች። ለወራት የጨጓራ መድኃኒት ወሰደች። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ አዲስ አበባ ስትደርስ የእንቁልጢ ካንሰሩ ተሰራጭቶ ነበር። አላህ ይዘንላት። አያቷም በተመሳሳይ ሕመም ነበር የሞቱት። ቤተሰቡ ግን «ስሙ ከወጣ ልጆቻችንን ማን ያገባቸዋል?» ብሎ ዝም አለ።

ዝምታው የሚጎዳን ለዚህ ነው። ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉት ዘረ-መሎች በሴሎቻችን ውስጥ የተበላሸ ዲ ኤን ኤን ይጠግናሉ። አንዱ ተበላሽቶ ሲወረስ ጥገናው ሊዳከም፣ ስህተት በስህተት ላይ ሊከመር ይችላል። የሴልን መባዛት የሚገታው ፒ 53 ሲበላሽ ደግሞ ሴሉ ልጓም ያጣል። በዋነኛው የእንቁልጢ ካንሰር ዓይነት ፒ 53 ሳይበላሽ የሚገኘው ከስንት አንድ ነው።

ከ100 ሴቶች በዕድሜያቸው በዚህ ካንሰር የሚያዙት ከ2 አይበልጡም። የተበላሸ ብራካ 1 ከወረሱት ግን 40 ያህሉ ይያዛሉ። አብዛኛው የእንቁልጢ ካንሰር በዘር የመጣ አይደለም፤ የወረሰችም ሁሉ አትታመምም።

ወንድሞች፣ ጉዳዩ የእናንተም ነው። የተበላሸውን ዘረ-መል የያዘ አባት ለእያንዳንዱ ልጁ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እሱ ራሱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

የዘረ-መል ምርመራ ለተማሪ ኪስ ይከብዳል፤ መጠየቅ ግን ገንዘብ አይፈልግም። ለእረፍት ስንገባ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን በእርጋታ እንጠይቅ፦ በሁለቱም ወገን በጡት ካንሰር ወይም ሆዷ አብጦ የሞተች አለች? ዕድሜዋስ ስንት ነበር? የሆድ መነፋት፣ ቶሎ መጥገብ፣ ከእንብርት በታች ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት ለሳምንታት ከቆየ ደግሞ ለሐኪሙ «በዘራችን አለ» ብለን እንንገር።

«ቀደሯ ነው» ማለታችን ልክ ነው። ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው።