ከወልድያ እስከ መርሳ፤ ስለ ወንዝ ውሃ ምርመራ

ከወልድያ ተነሥቶ በደሴ መንገድ ወደ ሀብሩ ወረዳ ከተማ ወደ መርሳ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከደጋው የሚመጡትን ወንዞች ሲያይ ዓይኑ ይረካል። ነገር ግን የውሃ ንጽሕና በዓይን አይታወቅም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ መብራት በተቋረጠ ጊዜ ብዙ የወልድያ ቤተ ሰብ ከምንጭና ከወንዝ ለመቅዳት ተገዶ ነበር።

መርማሪው ውሃውን በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቶ፣ በበረዶ አቀዝቅዞ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በረቂቅ ማጥለያ ያሳልፈዋል፤ ማጥለያውንም በ44 ዲግሪ ሙቀት አሳድሮ፣ ከዓይነ ምድር የመጣ ተሕዋስ መኖሩን ይመለከታል። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድ እንኳ ቢገኝ ውሃው ለመጠጥ አይሆንም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ የወንዝን ውሃ አጥልላችሁ፣ እስኪንተከተክ አፍልታችሁ፣ በተከደነ እንስራ አኑሩት፤ ሕፃናትን የሚጎዳው የተቅማጥ በሽታ አንዱ መግቢያው ይህ ነውና።