የተተከለውና የጸደቀው



ለዒድ ወደ አዳማ ወደ ቤተሰቦቻችን ስንመለስ የሚጠብቀን ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ለመሆኑ የእናንተ ሥራ ምንድን ነው?» ይሉናል። እኛ ባቱ ከተማ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ተቀጥረን የሠራን አራት ጓደኛሞች ነን። ሐይቁን እንጠብቃለን፣ ችግኝ እናስተክላለን ብለን ለማስረዳት ስንሞክር ከመካከላችን የአንዱ እናት «ዛፍ ለመትከልም ደመወዝ ይከፈላል እንዴ?» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞልተውታል። አጎቱ ደግሞ ኤንጂኦ ባለበት ሁሉ ዶላር አለ ብለው ስለሚያምኑ ልጃቸውን እንድናስቀጥርላቸው ይለምኑናል። ለእሳቸውም ለእሷም የሚሆን መልስ በጊዜው አልነበረንም።

ባቱን የሚያውቅ ሐይቁን ያውቃል። ዝዋይ ተባለ ደምበል፣ ከ400 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ውሃ ስለሆነ ዳር ቆሞ ለሚያየው ባሕር ይመስላል። አማካይ ጥልቀቱ ግን ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። በሰፊ ትሪ ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ ማለት ነውና ፀሐዩም ፓምፑም ፈጥኖ ያጎድለዋል። ከጉራጌ ተራሮች የመቂ ወንዝ፣ ከአርሲ ተራሮች የከታር ወንዝ ይገቡበታል፤ ትርፉ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። አቢጃታ ደግሞ መውጫ የለውም። ስለዚህ ባቱ ላይ ለሽንኩርቱ፣ ለቲማቲሙና ለአበባው የተቀዳው ውሃ አቢጃታ ላይ ይጎድላል። ሶዳ አሽ ለማምረት የተቀዳውም ተጨምሮበት፣ ፍላሚንጎ የሚሰፍርበት ያ ሐይቅ ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ ከዳርቻው እየሸሸ ሄዷል። በእኛ በኩል ያለው ችግር ሌላም ነበር፤ እርሻው እስከ ውሃው አፍ ድረስ ስለሚታረስ ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩ ወደ ሐይቁ ይገባል። የእኛ ሥራ በዳርቻው ዛፍና ሣር እንዲበቅል ማድረግ ነበር።

ቢሯችን ሦስት ክፍል ያላት የኪራይ ቤት ነበረች፤ መኪናችንም አንዲት ያረጀች ፒክአፕ ብቻ። ገበሬውንና ዓሣ አጥማጁን ለስብሰባ ስንጠራ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «አበል አለው ወይ?» የሚል ነበር። መጀመሪያ ላይ በዚህ በጣም እንናደድ ነበር። ለራሳቸው ሐይቅ ብለን ስንለፋ ገንዘብ ይጠይቁናል ብለን እርስ በርስ አምተናቸዋል፤ አላህ ይቅር ይበለን። አንድ ቀን አንድ ዓሣ አጥማጅ «እናንተ ስብሰባ ስትቀመጡ ደመወዛችሁ ይቆጠራል፤ እኔ ስብሰባ ስቀመጥ መረቤ ባዶ ያድራል» ባለን ጊዜ ግን የምንመልሰው አጣን። በእርግጥም ከከተማ ለመጣንበት ለእኛም አበል ይታሰብልን ነበርና።

በ2005 ዓ.ም ክረምት ብዙ ችግኝ አስተከልን። ሕዝቡ በነቂስ ወጣ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ዳቦና ለስላሳ ታደለ። ለለጋሹ በሚላከው ቅጽ ላይ «የተተከለ ችግኝ ብዛት» የሚል ዓምድ አለ፤ ሞላነው። «የጸደቀ» የሚል ዓምድ ግን አልነበረውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ድርጅቶች ከበጀታቸው ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር እንዳያወጡ ያዝዝ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የድሃው ገንዘብ ለቢሮ ወንበር እንዳይውል ነው። ነገር ግን በመመሪያው መሠረት የክትትልና የግምገማ ወጪም ከአስተዳደሩ ይመደብ ነበር። ስለዚህ ችግኝ መትከል «ዓላማ»፣ የተከልነው ችግኝ በሕይወት መኖሩን ሄዶ ማየት ግን «አስተዳደር» ሆኖ ቁጭ አለ! በ2011 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1113 ሲወጣ ጣሪያው 20 በመቶ ሆነ፤ የአስተዳደር ወጪ ትርጉም ግን ጠበበ። ለእኛ ግን ይህ ዘግይቶ የመጣ ነው።

ጥር ላይ፣ ለፒክአፗ የነዳጅ በጀት አልቆ ስለነበር፣ ከጁምዓ በኋላ ከኪሳችን አዋጥተን ባጃጅ ይዘን ወጣን። ያየነው አሳዘነን። ከተከልነው ግማሹን እንኳ በሕይወት አላገኘንም። አንዳንዱን ፍየል በልቶታል፤ አንዳንዱ ደርቋል። ከሁሉ የከፋው፣ የደረቀውን ስንነቅለው ጥቁሩ ፕላስቲክ ሥሩ ላይ እንደ ተጠቀለለ መገኘቱ ነው። ቁጥር ለመሙላት ስናጣድፋቸው ሰዎቹ ከነፕላስቲኩ ቀብረውታል። ቆመን ያየናቸው እኛው ነን።

በአቅራቢያው በሚገኘው መስጊድ የሚሰግዱ አንድ ሐጂ ከሩቅ አይተውን መጡ። «ልጆቼ፣ በክረምት ደግሳችሁ ሄዳችሁ። ድግሱ ካለቀ በኋላ ማን ያጠጣው?» አሉን። ቁጣ አልነበረባቸውም።

ቢሮ ተመልሰን ክርክር ገባን። «ቅጹ የጠየቀን የተተከለውን ነው፤ የተተከለውን ጽፈናል፤ ምን ዋሸን?» ያለ ነበር። ሌላው ደግሞ «ገንዘቡ አማና ነው፤ ሰጪው ዛፍ አለ ብሎ ያስባል፤ ዛፍ ግን የለም» አለ። ኮንትራታችን ሰኔ 30 ላይ ያበቃል። ሁላችንም ለወላጅ የምንልክ፣ የቤት ኪራይ የምንከፍል ነን። ሁለት ቀን ሳንነጋገር ዋልን። በመጨረሻ ሦስታችን ተስማማንና የጸደቀውን ቆጥረን፣ ፕላስቲኩን ጭምር ሳንደብቅ ጻፍን። አራተኛው አልፈረመም።

ለጋሹ ስለ ግልጽነታችን አመሰገነን፤ ቀጣዩን በጀት ግን ቀነሰው። ከአራታችን የአንዱ ኮንትራት ሳይታደስ ቀረ፤ የቀረውም ያልፈረመው ጓደኛችን ነው። ዛሬ መቂ ላይ ሽንኩርት ይነግዳል። ስንገናኝ እየሳቀ «የእናንተ እውነት የእኔን ደመወዝ በላች» ይለናል። እኛም አብረን እንስቃለን እንጂ ሳቁ ከልባችን አይደለም። እውነቱን መጻፋችን አይቆጨንም፤ የእሱን እንጀራ ሳናማክረው አብረን መቁረጣችን ግን እስከ ዛሬ ይከነክነናል።

በቀረው ገንዘብ ችግኙን አሳነስነው። ክፍያውንም ለተተከለው ሳይሆን በጋውን ተሻግሮ ለተገኘው አደረግነው። በየዳርቻው ያሉ እናቶች ችግኝ ወስደው በእሾህ አጥረው፣ በጄሪካን እያጠጡ አሳደጉ። በሪፖርት ላይ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ብዙም አያምርም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር እኛም አካፋ ይዘን ወጥተናል፤ በልባችን ግን ጥርን እናስብ ነበር።

ወደ ሐጂ ልመለስ ብንል፣ ያን ዓመት ክረምት የተረፉ ጥቂት ችግኞችን ለመስጊዱ ሰጥተን ነበር። ትርፍ ስለነበሩ በሪፖርቱ አልገቡም፤ እኛም ረስተናቸው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዙህር ለመስገድ ጎራ ስንል ከውዱእ ማድረጊያው እስከ አጥሩ ድረስ ጠባብ ቦይ ተቆፍሮ አየን። ሐጂ በሚፈስ ወንዝ ዳር እንኳ የውዱእ ውሃ ማባከን የተጠላ መሆኑን ከልጅነታቸው የተማሩ ሰው ናቸው፤ ከእግር የሚወርደውን ውሃ ወደ ችግኞቹ መርተውታል። ለፍየሉ መከላከያ ያረጀ የዓሣ መረብ አስረውባቸዋል። ዛፎቹ ከመስጊዱ መስኮት በላይ ደርሰዋል። ስንቱ እንደ ጸደቀ ብንጠይቃቸው አልቆጠሯቸውም ነበር፤ የደረቁትን ሁለቱን ግን ቦታቸውን አንድ በአንድ እየጠቆሙ አሳዩን፤ በምትካቸውም ሌላ ችግኝ እንድናመጣላቸው አዘዙን።